የአባ ደንዝዝ ሃያ ደቂቃ

ትከሻቸው ተቀዶ የነቁ ሰዎች ሁሉ የሚያመሰግኑት የተሳሳተውን ሰው ነው። ይህን ሦስት ወር ሙሉ በማገገሚያው ክፍል ቆሜ አይቻለሁ። ሕመምተኛው ዓይኑን ይገልጣል። ሕመሙን ይፈልገዋል፤ ያጣዋል። ጣቱን ሊያንቀሳቅስ ይሞክራል፤ ጣቱ እንደ ኮበለለ ሠራተኛ ቢጠሩት አይሰማም። በዚህ ገና ሲደነቅ ፕሮፌሰሩ ነጭ ጋወናቸውን እንደ ካባ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ አምስት ስድስት ተከታይ አስከትለው ይገባሉ።

«እንዴት ነው፣ አመመህ?»

«ኧረ ምንም የለም፣ ፕሮፌሰር። እጅዎን ይባርከው።»

«እንግዲህ የእጅ ነገር ነው» ይላሉ ፕሮፌሰሩ፣ ትሕትናን እንደ ሽቶ ረጨት እያደረጉ።

ሕመምተኛው የማያውቀውን ቢያመሰግን አይፈረድበትም። የሚያሳፍረው የሚያውቀው ሰው ምስጋናውን አጎንብሶ ሲቀበል ነው። በዚያችው ደቂቃ ሕመሙን በእርግጥ የወሰደው ሰው ከግድግዳው ማዶ፣ በዕቃ ማስቀመጫዋ ክፍል፣ የአልትራሳውንዱን መዳሰሻ በእርጥብ ጨርቅ ይጠርጋል።

ሰመመን ሰጪ ነርስ ነው። ዕድሜው ሃምሳ ሦስት፣ ቁመቱ አጭር፣ ጫማው ከእግሩ አንድ ቁጥር የሚበልጥ ፕላስቲክ፣ ቆቡ ደግሞ ልብስ ሰፊ የሆነችው ሚስቱ ከተማሪ ዩኒፎርም ቁራጭ የሰፋችለት ዳማ ጨርቅ። የሆስፒታሉ ዘበኞች እንደ ፈረስ ስም አድርገው «አባ ደንዝዝ» አሉት፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ስም እንዳለው የሚያስታውስ ጠፋ። እሱም አይከፋም። «ፈረሱ የለም እንጂ ስሙስ የጀግና ነው» ይላል። እንደ እኔ ከክፍሏ አንደኛ ወጥታ የመጣች ተለማማጅ ሐኪም በዲፕሎማ ነርስ ሥር ስትመደብ ምን እንደሚሰማት መገመት አያዳግትም። አፍንጫዬን ነፍቼ ገባሁ፤ በሁለተኛው ሳምንት መልሼ አስተነፈስሁት።

ሆስፒታሉን የተቀላቀለው አልጋ ገፊ ሆኖ ነው። ከቀዶ ጥገናው ክፍል እስከ መኝታ ክፍሉ ያለው ኮሪደር ሰማንያ ሜትር ነው፤ ወለሉ በየሦስት ሜትሩ የተሰነጠቀ ነው። የአልጋው ጎማ ስንጥቁን በዘለለ ቁጥር ትከሻው የተሰፋ ሰው ይጮሃል። «እኔ ሰባት ዓመት አልጋ አልገፋሁም፤ ሰባት ዓመት ጩኸት ነው የገፋሁት» ይላል ስለዚያ ዘመን ሲጠየቅ። ወለሉን እንዲያስተካክሉ ሦስት ጊዜ አመለከተ። ሦስት ጊዜ «ይታያል» ተባለ። ወለሉ እንደማይታይ ሲገባው ትምህርት ቤት ገባ፤ ነርስ ሆነ፤ ቀጥሎም ሰመመን ሰጪ ሆነ።

ኋላ አንድ ሸምገል ያሉ የሰመመን ሐኪም መጥተው ነርቭን ብቻ ለይቶ ስለማደንዘዝ ለሦስት ቀን አስተማሩ። ተሰብሳቢው አሥራ አራት ነበር። ምስክር ወረቀቱን አሥራ አራቱም ግድግዳቸው ላይ ሰቀሉ፤ መርፌውን ያነሣው እሱ ብቻ ነው። የማዋለጃው ክፍል የጣለውን አሮጌ አልትራሳውንድ ለምኖ ወሰደ። አንዱ ጎማው ወልቆ ስለነበር በታጠፈ ካርቶን አስደገፈው፤ በስክሪኑ መካከል ያለችውን ነጭ ስንጥቅ ግን ለመዳት። በምሳ ሰዓት መዳሰሻውን ራሱ አንገት ላይ እያሳረፈ፣ ቀጥሎም የዘበኞቹን፣ የጽዳቶቹን፣ የምግብ ቤቱን ሠራተኞች አንገት እየለመነ ተማረ። እስከ ዛሬም ከሰው ጋር ሲጨባበጥ ዓይኑ አንገት ላይ ነው። ሰውን በመልኩ አይለይም። «ያ የመዝገብ ቤቱ፣ ነርቩ ጠለቅ ያለው» ካላሉት ስለ ማን እንደሚወራ አይገባውም።

ሥራው እንዲህ ነው። ለትከሻ ስሜት የሚያደርሱት ነርቮች በአንገት ጎን፣ በሁለት ጡንቻዎች መካከል ያልፋሉ። በስክሪኑ ላይ ሦስት ጥቁር ክቦች እንደ ትራፊክ መብራት ተደራርበው ይታያሉ። መርፌው ነርቮቹን ሳይነካ አጠገባቸው ይደርሳል፤ መድኃኒቱ ዙሪያቸውን ይከብባል፤ ክንዱ እስከ ማግስቱ ጠዋት ይተኛል። ለቀዶ ጥገናው ሰውየውም ይተኛል፤ ነገር ግን ሰውየው ሲነቃ ክንዱ አብሮት አይነቃም። እጅግ የሚከፋው የመጀመሪያው ቀን ባለቤቱ ሳያውቀው ያልፋል። አባ ደንዝዝ ለእያንዳንዱ ሰው አስቀድሞ ይነግራል፦ ድምፅህ ሊሰልል ይችላል፣ የዓይንህ ቆብ ሊወርድ ይችላል፣ ትንፋሽህ አጠር ሊል ይችላል። ሳንባቸው የታመመባቸውን ግን ይመልሳቸዋል። «በስንት ጣር የሚተነፍስን ሰው ግማሽ ትንፋሽ አልቀማውም» ይላል።

ለዚህ ሁሉ የሚጠይቀው ሃያ ደቂቃ ነው። መፈለጊያ አምስት፣ መውጊያ ሦስት፣ የቀረው መጠበቂያ። የቀዶ ጥገናውን ሰሌዳ የምትመራው ሲስተር እነዚህን ሃያ ደቂቃዎች እንደ ግል ጠላቷ ነበር የምታያቸው። ሁላችንም «ሲስተር ሰዓት» የምንላት፣ ሰው ሲሞት እንኳ መጀመሪያ የእጅ ሰዓቷን የምታይ ሴት ናት።

«ጨረስክ?» ትለዋለች በሩን ገርበብ አድርጋ።

«እኔ ጨርሻለሁ። መድኃኒቱ ነው የቀረው።»

«መድኃኒቱን ቶሎ በል በለው።»

ነገሩ በዚሁ ይቀጥል ነበር፤ ችግሩ ፕሮፌሰሩ የሚመሰገኑበትን ነገር ማመን መጀመራቸው ነው። ምስጋና ለሚያከፋፍለው ቀልድ ነው፤ ለሚያጠራቅመው ግን መርዝ ይሆናል። «ከቀዶ ጥገና በኋላ ሕመም የማያስከትል የጅማት አሰፋፍ» የሚል ጥናት አዘጋጁና በሠራተኞች ስብሰባ ላይ አቀረቡ። ሕመምተኞቻቸው ሞርፊን እንዴት እንደማይጠይቁ በግራፍ አሳዩ። ግራፉ ያምር ነበር። በሃያ ሁለቱም ገጾች ውስጥ አንገት የሚባል የአካል ክፍል አልተጠቀሰም። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እጇን ስታወጣ ያደገች ልጅ በዚያ ስብሰባ ላይ እጇን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች፤ ወደ ስፔሻሊቲ ትምህርት የምታልፍበትን ደብዳቤ የሚፈርሙት ፕሮፌሰሩ ናቸውና። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ከናቅኋቸው ሰዎች ራሴን አላወጣም።

ከዚያ ሰባት ቀዶ ሐኪሞች ከሌሎች ሆስፒታሎች መጥተው አሰፋፉን በዓይናቸው ሊያዩ ቀን ተቆረጠ። ከሰባቱ አንዷ አስቀድመው በጻፉት ደብዳቤ፣ ሕመሙ የጠፋው በሌላ ማደንዘዣ አለመሆኑን በምን አረጋገጣችሁ ብለው ጠይቀው ነበር። ጥያቄው ቀላል ነው፤ መልሱ ከግድግዳው ማዶ ተቀምጧል። ፕሮፌሰሩ ግን እንደ ስድብ ቆጠሩት። ዋዜማው ዕለት ጠዋት አባ ደንዝዝን ኮሪደር ላይ አስቆሙት። እኔ ከኋላው ትሪ ይዤ ነበርሁ።

«ነገ ያንተ መርፌ አያስፈልግም። ማስረጃው ንጹሕ ይሁን።»

«ያማቸዋል፣ ፕሮፌሰር።»

«ይተኛ የለም እንዴ ሰውየው? ለተኛ ሰው ምን ያደርግለታል?»

«ለሚተኛው አይደለም። ለሚነቃው ነው።»

«ሦስት መቶ ትከሻ በእጄ አልፏል። አንድ የጮኸ ታውቃለህ?»

«አሥራ አንድ አውቃለሁ።»

ፕሮፌሰሩ ሳቁ። «እነሱማ የሳንባ በሽተኞች ናቸው። የሳንባ በሽተኛ ሲያማርር ነው የሚኖረው» ብለው ሄዱ። አሥራ አንዱ ከጥናቱም የወጡት በዚሁ ምክንያት መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይሉ ነበር አበው፤ እንጨቱን አሳምሮ በግራፍ ማቅረብ ግን የተማረ ሰው ሥራ ነው።

የቀረውን ሲስተር ሰዓት አደረሰችው። «ጋሼ፣ ቁርጡን ልንገርህ። ነገ ያለ መርፌ ከሄደልን፣ ከሰኞ ጀምሮ ሃያ ደቂቃዋ ቀርታለች። ክፍሏ ለፕሮፌሰሩ ፀሐፊ ትሆናለች። አንተም መሣሪያ መቀቀያ ክፍል ሰው ጎድሏል ተብሏል።»

«ማን ነው የሚለው?»

«ይባላል ነው ያልኩህ።»

ከሰዓት በኋላ ለመዳሰሻው ገመድ ሽፋን ልትሰፋልን ወደ ሚስቱ ሄድን። ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው፤ የፊተኛውን የልብስ ስፌት መኪናና የዩኒፎርም ክምር ይዞታል፤ እንግዳ የሚቀመጠው ቁልፍ ባልተተከለላቸው ሸሚዞች መካከል ነው። ነገሩን በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገራት። እግሯን ከመርገጫው ላይ አነሣች።

«እሰይ። ነገ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚወጡት እሳቸው፤ ላሟ ደግሞ አንተ። ሃያ ዓመት ሙሉ ኩበትህን ሲለቅሙ ቆመህ ታያለህ።»

«ሰው ፊት ምን ትያለሽ?»

«ልጅቷ ዶክተር ናት፤ ኩበት አያስደነግጣትም። አያስደነግጥሽም አይደል፣ የኔ እናት?» ብላ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ሰውየው ነገ ካልጮኸ አንተ አለቀልህ። ከጮኸ ደግሞ አንጀትህ አይችልም። አሁን አንተ ለየትኛው ነው የምትጸልየው?»

ሽፋኑን ተቀብሎ ገመዱን ለካበትና «ሁለት ጣት ጨምሪበት» አላት።

ለማሳያ የተመረጠው ሕመምተኛ ቀለም ቀቢ ነበር። ዕድሜውን በመሰላል ላይ የጨረሰ፣ ጣሪያ ሲቀባ የቀኝ ትከሻው ጅማት የተበጠሰበት፣ አፉ ግን ምንም ያልጎደለው ሰው። ጠዋት አባ ደንዝዝ አልጋው አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። በረጅሙ አስተነፈሰው፣ ደረቱን አዳመጠ፣ አንገቱን በዓይኑ ለካ። ቀጥሎም ሁለቱንም መንገድ አንድ በአንድ ነገረው፤ ዛሬ የአንገቱ መርፌ እንዳይሰጥ መታዘዙንም አልደበቀም።

«ፕሮፌሰሩ ምንም አያምህም ብለውኛል» አለ ቀቢው። «ፕሮፌሰር ይዋሻል እንዴ?»

«አይዋሹም። ሊሳሳቱ ግን ይችላሉ።»

«ኧረ ተው። እኔ እንኳ ግድግዳ ስሳሳት ደግሜ እቀባለሁ፤ እሳቸው ሲሳሳቱ ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ለዚያ ነው የመጣሁት። ስትነቃ ካመመህ፣ መርፌውን ትፈልጋለህ ወይስ አትፈልግም? አሁን ልብህ ሙሉ ሆኖ ንገረኝ። ኋላ በመድኃኒት ሰክረህ የምትናገረውን አልሰማህም።»

«ካመመኝማ ምን ጥያቄ አለው» አለ ቀቢው። አባ ደንዝዝ ይህንኑ በካርዱ ላይ ጻፈና ብዕሩን ሰጠው፤ ቀቢው በግራ እጁ እንደ ጉንዳን መንገድ የተጣመመ ፊርማ ፈረመ። ሲነቃ ሕመም ቢኖር ማደንዘዣ እንዳይሰጠው ፕሮፌሰሩ አላዘዙም፤ ሕመም ይኖራል ብለው ስላላሰቡ ስለ እሱ የሚያዙበት ምክንያት አልነበራቸውም። ተንኮል ቢባል ተንኮል ነው። እስካሁን ካየኋቸው ተንኮሎች በንጽሕናው የሚተካከለው አላገኘሁም።

ቀዶ ጥገናው ጥሩ ሄደ፤ ይህን መካድ አይገባም። የፕሮፌሰሩ ስፌት በእርግጥ ያማረ ነው። አምሮ መሰፋቱ ላይ የሚከራከር አልነበረም፤ እሳቸው ግን ባማረው ስፌት ውስጥ ነርቭ እንደሌለ ያምኑ ነበር። ሰባቱን እንግዶች አስከትለው ወደ ማገገሚያው ክፍል ገቡና አልጋውን ከበቡ። ቀቢው ዓይኑን ገለጠ። ፊቱ ቀስ እያለ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ተሰበሰበ።

«እንዴት ነው፣ አመመህ?»

«ፕሮፌሰር» አለ ቀቢው ጥርሱን ነክሶ፣ «የበደልኩዎት ነገር ካለ ይንገሩኝና ልካስ።»

ከእንግዶቹ አንዱ ሳል አስመስለው ሳቃቸውን ዋጡ። ፕሮፌሰሩ ሞርፊን አዘዙ። ሞርፊኑ ተሰጠ፤ ቀቢው አስመለሰው፤ ባስመለሰ ቁጥር ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ጮኸ። ጥቂት ጠብቀው ጨመሩለት። «አንዳንድ ሰው በተፈጥሮው ፈሪ ነው» አሉ ፕሮፌሰሩ ወደ እንግዶቻቸው ዞረው፤ «ይህ የሥነ ልቦና ጉዳይ ነው።»

«ሥነ ልቦናዬ ትከሻዬ ውስጥ ነው ያለው» አለ ቀቢው። «ያ ቆባሙ የታለ? ያን የተማሪ ዩኒፎርም የደፋውን ጥሩልኝ።»

አባ ደንዝዝ አልተጠራም፤ ቀድሞ በሩ ላይ ነበር። በአንድ እጁ ትሪ፣ በሌላው ያቺን ባለ ካርቶን ማሽን እየገፋ መጣ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል፤ ለዚያ ጩኸት ጆሮው እንግዳ አይደለም። ሲስተር ሰዓት መንገዱ ላይ ቆመች። ካርዱን አሳያት። ከሰው ይልቅ ወረቀት የምታከብር ሴት ናትና አነበበች፤ ፊርማውን አየች፤ ሰዓቷን አየች፤ ገለል አለች። እኔ ያን ጊዜ እግሬ ተፈታልኝ፤ ሄጄ መብራቱን አዞርሁለት። ፕሮፌሰሩ አፍጥጠው አዩኝ፤ የደብዳቤዬን ነገር ያን ጊዜ አላሰብሁትም ብል እዋሻለሁ።

«እጅህን ልወስድብህ ነው» አለ አባ ደንዝዝ። «ከመውሰዴ በፊት እንደሚሠራ አሳየኝ። ጣትህን ዘርጋ። ጨብጥ። አውራ ጣትህን አንሣ።» ቀቢው እያቃሰተ ሁሉንም አደረገ፤ አባ ደንዝዝም ያየውን ተናገረ፣ እኔም ጻፍሁ። መዳሰሻው አንገቱ ላይ አረፈ። ሦስቱ ጥቁር ክቦች ከነጯ ስንጥቅ በስተቀኝ ብቅ አሉ። መርፌው ገባ።

ከዚያ ጥበቃ ሆነ። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ቀቢው ፕሮፌሰሩን ረገመ። ቀጥሎ ፕሮፌሰሩን ያስተማሩትን። በሰባተኛው ደቂቃ የመሰላሉን ሠሪ ረገመ፤ ድምፁ ግን ሰልሎ ነበር። በአሥራ አንደኛው የሚረግመው ሰው አጣ። ግራ እጁን ልኮ ቀኙን ነካ ነካ አደረገው።

«ይሄ የማን እጅ ነው?»

«ያንተ ነው። ነገ ይመለሳል። እስከዚያ ትኩስ ነገር እንዳይነካው፤ ክኒኑን ደግሞ እጅህ ሳይነቃ ቀድመህ ትውጣለህ።»

«ዛሬ ሥራ አልገባም ማለት ነው» አለ ቀቢው እጁን እንደ ሰነፍ ረዳቱ እያየ። ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው።

እንግዶቹ ከፕሮፌሰሩ ዙሪያ አንድ በአንድ እየለቀቁ ወደ ማሽኑ ዞሩ። ስንት ሚሊ ሊትር፣ በየትኛው መርፌ፣ በምን ያህል ጥልቀት ብለው ጠየቁ፤ እሱም ቁጥር ብቻ መለሰ። በመጨረሻ ያችን ደብዳቤ የጻፉት ሴት ሐኪም ጠየቁ።

«የቀድሞዎቹም ሕመምተኞች ይህን ይወስዱ ነበር?»

ሁሉም ወደ እሱ ዞረ። ፕሮፌሰሩ የጋወናቸውን ቁልፍ ይቆልፉ ጀመር።

«ከአሥራ አንዱ በቀር ሁሉም» አለ አባ ደንዝዝ።

«አሥራ አንዱስ?»

«ጮኸዋል።»

ብዙ ሰው ከዚህ በኋላ ፕሮፌሰሩ ያፍራሉ ብሎ ይጠብቅ ይሆናል። ያንን የሚጠብቅ ሰው ፕሮፌሰር አያውቅም። በሳምንቱ በሰሌዳው ላይ አዲስ መመሪያ ተለጠፈ፤ ርእሱ «የፕሮፌሰሩ የተሟላ የትከሻ ዘዴ» ይላል። አንደኛው ተራ ቁጥር፦ በአንገት በኩል የነርቭ ማደንዘዣ፣ ሃያ ደቂቃ። ማን እንደሚሰጠው አልተጻፈም። በዕቃ ማስቀመጫዋ በር ላይም የፕሮፌሰሩ ማዕረግ የተቀረጸበት የነሐስ ሰሌዳ ተመታ። ፊት የወጣን ጆሮ ኋላ የመጣ ቀንድ በለጠው ማለት ይህ ነው። ወረቀቱን ልገነጥለው እጄን ስዘረጋ አባ ደንዝዝ ያዘኝ። መነጽሩን አድርጎ በጣቱ አንደኛውን ተራ ቁጥር ብቻ እየተከተለ አነበበ።

«ስምህ የለም፣ ጋሼ።»

«ደቂቃዋ አለች።»

«ይህ አያናድድህም?»

«ያናድደኛል እንጂ። ሃያ አምስት ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ይሰጡኝ ነበር።» ወረቀቱን ትንሽ ቆሞ አየው። «ለወፍራም አንገት ሃያ አይበቃም።»

የሰኞዋ የመጀመሪያ ባለተራ አንገቷ ወፍራም የሆነ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበረች። ክቦቹን ለማግኘት ዘጠኝ ደቂቃ ፈጀ። ሲስተር ሰዓት በሩን ገርበብ አድርጋ ብቅ አለች።

«ጋሼ፣ የሰሌዳው ሃያ አልቋል።»

«መድኃኒቱ ሰሌዳ አያነብም» አለ ሳይዞር። «አምስት ደቂቃ ስጪኝ።»

ሰዓቷን አየች። የፖስታ ቤቷን ሴት አየች። ከዚያ በሩን መለስ አድርጋ በደጅ ቆመች፤ በኮሪደሩ የመጣውን የፕሮፌሰሩን ተከታይ ሐኪም «ቆይ፣ ገና አልደነዘዘም» ስትለው ከውስጥ ሰማናት።